አምቡላንሱ የደረሰበት በር

አንዲት እናት ነበረች። አሰላ ነው የምትኖረው፤ መምህርት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንዲት ልጇ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። ልጅቷ ናርዶስ ትባላለች። የሰፈሩ ሰው እናቲቱን በስሟ አይጠራትም፤ «የናርዶስ እናት» ነው የሚላት። እኔም እንደ ሰፈሩ ልጥራት።

ይህች ሴት አንድ ምስጢር ነበራት። ልጇ የስኳር በሽታ አለባት።

«ይሄ ደግሞ ምን ምስጢር አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ እንጂ! ሴት ልጅ ያላችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ናርዶስ ነገ ከነገ ወዲያ ትዳር ትይዛለች። «እሷማ በሽተኛ ናት» የሚል አንድ አፍ ከተገኘ፣ ወሬው ሽማግሌ ሳይላክ ቀድሞ ይደርሳል። የናርዶስ እናት ይህን ፈራች። ስለዚህ የግቢዋን በር ቀረቀረች። የልጇን የኢንሱሊን መርፌ በጥቁር ፌስታል ትጠቀልልና ሰው ወደማያውቃት ሰፈር ወስዳ ትጥለዋለች። ልጅቷን ላብ ላብ ሲላት «ጉንፋን ይዟት ነው»፤ ስትደክም «ፈተና ደርሶባት ነው»። ሰው ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነው። «ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ምስጋና ነው ወይስ ውሸት? እስኪ እናንተ ፍረዱ።

ከበሯ ፊት ለፊት እትዬ ዘነበች የሚባሉ ባልቴት ይኖራሉ። እኒህ ሴት ዝክር ሲኖራቸው ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራሉ። ሻዩ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ከነስኳሩ ይፈላል፤ ለሁሉም ይቀዳል። ናርዶስ ጋ ሲደርስ ግን እትዬ ዘነበች ብርጭቆውን ይዘው ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ ከሌላ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ስኳር ያልነካው ሻይ ቀድተው ይሰጧታል። የናርዶስ እናት ይህን አይታ አንጀቷ አረረ። «ለእኔ ልጅ ሲሆን ስኳር ይሰሰታል? አባት የሌላት ስለሆነች ነው!» አለች በልቧ። ልብ በሉ፤ ልጅቷ ስኳር ያለበትን ሻይ ቢሰጧትም አትጠጣውም ነበር። ቂም ግን መቼ ምክንያት ይመረምራል? ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ዘነበችን ከሰላምታ በላይ አላነጋገረቻቸውም።

ይህችን ሻይ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

የናርዶስ አክስት ውድነሽ ስዊድን አገር ማልሞ የምትባል ከተማ ትኖራለች። አንድ ጊዜ በመንገደኛ በኩል፣ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ሳንቲም የምታህል መሣሪያ ላከችላቸው። ይህች ነገር በናርዶስ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቀንም ሌሊትም ትለካለች፤ የለካችውንም ለስልክ ትነግራለች። ስኳሩ ሲወርድ ስልኩ ይጮኻል። እናት ተኝታም ቢሆን ትሰማለች። አያችሁ? ስንት ሌሊት የልጇን ትንፋሽ ስታዳምጥ ለምታነጋ እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ችግሩ መሣሪያውን የሚያነበው የስልኩ መተግበሪያ፣ አፑ ነው። ስልኩ ላይ ልትጭነው ስትል «ይህ አገልግሎት በአገርዎ አይሰጥም» አላት። ሞከረች፤ አይሰጥም። ደገመች፤ አይሰጥም። መሣሪያው ልጇ ክንድ ላይ ተለጥፏል፤ የሚያነበው ግን የለም።

ውድነሽ በቪዲዮ ደወለች። «እታለሜ፣ አታልቅሺ። ስልኩን ስዊድን ነው ያለሁት ብለን እናሳምነዋለን» አለቻት። ቪፒኤን ከፈቱ። ወጣቶቹ አትሣቁ፤ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አፑ ጠየቀ፤ አገር? ስዊድን። ከተማ? ማልሞ። የቤት አድራሻ? የውድነሽን ቤት አስገቡ፤ ሌላ አድራሻ አይቀበልማ! ስልክ ቁጥር? የውድነሽ። አፑ ደስ ብሎት ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አሰላ ላይ ሆኖ ማልሞ ነኝ ይል ጀመር። በጠራራ ፀሐይ «ዛሬ በረዶ ስለሚጥል ይጠንቀቁ» ይላል። ናርዶስ ሁልጊዜ ጠዋት ቪፒኤኑን ስትከፍት ትሥቃለች። «እማ፣ ስዊድን ደርሼ መጣሁ፤ ስኳሬ ደህና ነው!»

ወገኖቼ፣ ይህቺ እናት አጠፋች ልላችሁ አይደለም የመጣሁት። ልጁ የታመመበት ሰው የተዘጋ በር አይቶ ቁጭ አይልም፤ አጥር ይዘላል። የምነግራችሁ ስለ ሌላ ነገር ነው። ስሙኝ።

ቅዳሜ ቀን ነው። መብራት ጠፍቷል፤ ወጡ ምድጃ ላይ ሳይበስል ቀርቷል። ናርዶስ ምሳ ይደርሳል ብላ መርፌዋን ቀደም አድርጋ ተወግታለች። መርፌ ተወግቶ ምግብ ከዘገየ ስኳር ይወርዳል፤ ብዙ ከወረደ ሰው ይጥላል፤ ቶሎ ካልተደረሰለት ይገድላል። ልጅቷ ግን «ምሳው እስኪደርስ ልብሱን ልጨርሰው» ብላ ከቤቱ ጀርባ ማጠብ ቀጠለች።

በዚያው ሰዓት የዕድር ለፋፊ መልእክት ይዞ ግቢ ገባ። የናርዶስ እናት ፈጠን ብላ የስልኩን ድምፅ አጠፋች። ለምን? ቢጮህ «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ይጠይቃታላ! ሰውዬው መልእክቱን አድርሶ ሄደ። እሷ በሩን መልሳ ቀረቀረች። ድምፁን መመለስ ግን ረሳች።

ስልኩ መጮህ ሲገባው ዝም አለ። አዩልኝ! ልጇን እንዲጠብቅላት ባሕር አሻግራ ያስመጣችውን ዘበኛ አፉን ያፈነችው ራሷ ናት።

ጥቂት ቆይታ የውኃ ድምፅ ሲጠፋባት ተጣራች። «ናርዲ!» መልስ የለም። «ናርዲዬ!» መልስ የለም። ወደ ጓሮ ሮጠች። ልጅቷ ከሳፋው አጠገብ በጎኗ ወድቃለች። እጇ ላይ የሳሙናው አረፋ አለ። ፊቷ በላብ ተነክሯል፤ ዓይኗ ገርበብ ብሏል፤ ትንፋሿ ያንኮራፋል።

እናት ተንደርድራ ገብታ ማር አመጣች። አፏን ልትከፍት ሞከረች፤ ጥርሷ ገጥሟል። በጣቷ ከንፈሯ ላይ ቀባችው። «ናርዲ፣ ላሺው! እባክሽ ላሺው የኔ ልጅ!» ልጅቷ አልሰማችም።

ያን ጊዜ ስልኩን አየችው። አፑ ቀልቷል። ከሥሩ ውድነሽ «ይህን ምልክት የጭንቅ ቀን ተጫኚው፤ ነፍስ ያድናል» ያለቻት ቀይ ምልክት አለ። ተጫነችው።

ስልኩ ወዲያው መለሰ። «እርዳታ በመንገድ ላይ ነው። በሩን ይክፈቱ። ከታማሚው አይራቁ።»

«እልልል!» ልትል ምንም አልቀራት። ስልኩ ላይ አንዲት ትንሽ የአምቡላንስ ሥዕል በመንገዱ ካርታ ላይ ትንቀሳቀሳለች። እየመጣች ነው! የመንገዱን ስም ማን ያያል? ልጁ መሬት ላይ የተዘረጋችበት ሰው የመንገድ ስም ያነባል? ሮጣ ሄዳ ያንን ሁልጊዜ የሚቀረቀር በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ፊት ለፊት እትዬ ዘነበች ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና አሉ። ያ በር እንዲህ ተከፍቶ አይተውት አያውቁም።

«የናርዶስ እናት፤ ደህና ናችሁ?»

ምን መለሰች መሰላችሁ? ልጇ ከቤቱ ጀርባ ነፍስና ሥጋዋ እየተለያየ ነው። ሰው ከፊቷ ተቀምጦ እየጠየቃት ነው። ምን አለች?

«ደህና ነን እትዬ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ምላሷ ለምዶ! ልቧ «ልጄ!» እያለ፣ ምላሷ ለብዙ ዘመን የለመደውን ተናገረ። ወደ ልጇ ተመለሰች።

ላቧን ጠረገችላት። ስልኩን አየች፤ አምቡላንሷ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ልጇን አየች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ስልኩን አየች፤ ቀርባለች፤ ትንሽ ነው የቀራት። «መጡልሽ ናርዲ፤ በርቺ፤ መጡልሽ!» ልጅቷ አንዴ ተንቀጠቀጠችና እንደገና ዝም አለች።

ስልኩ «ደርሰናል» አለ።

ወደ በሩ በረረች። ወደ ላይ አየች፤ ወደ ታች አየች። ማንም የለም። ጎረቤታቸው ጋሽ ጀማል ሚኒባሳቸውን ደጅ አውጥተው ያጥባሉ፤ እትዬ ዘነበች ምስራቸውን ይለቅማሉ። አምቡላንስ የለም።

እትዬ ዘነበች ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ዓይናቸውን አልነቀሉላትም። «ምነው የኔ ልጅ፤ ሰው ትጠብቂያለሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም እኮ። ናርዶስ ደህና ናት?»

ሁለተኛ ተጠየቀች። ሁለተኛም «አይ... እንግዳ ነበረ የምጠብቀው። ደህና ናት» አለች። ወገኖቼ፣ ይህን ስናገር እኔ ራሴ እናደዳለሁ! እግር አላት፤ አፍ አላት፤ ሰው ከፊቷ አለ፤ መኪና ከፊቷ አለ!

ድምፁ የጠፋው ስልክ እጇ ውስጥ ነዘረ። ውድነሽ ናት፤ ከሥራ ቦታዋ።

«እታለሜ! ምንድን ነው ጉዱ? አምቡላንስ ቤቴ በር ላይ ቆሟል! ጎረቤቴ ናት የደወለችልኝ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም፤ እነሱ ግን ውስጥ የወደቀች ልጅ አለች ብለው በሩን ሊሰብሩት ነው። ማን ናት የወደቀችው? እታለሜ? ተናገሪ እንጂ!»

ያኔ ገባት። አገር? ስዊድን። ከተማ? ማልሞ። አድራሻ? የውድነሽ ቤት። ራሷ ናት ያስገባችው። አምቡላንሱ አልዘገየም፤ አልተሳሳተም። ባለችበት ሳይሆን፣ አለሁ ባለችበት ደርሷል። ባሕር ማዶ ደጋግ ሰዎች መድኃኒታቸውን ይዘው ባዶ ቤት ያንኳኳሉ፤ እዚህ ልጇ ሳፋ አጠገብ ትሞታለች።

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ፣ በተከፈተው በሯ መሐል ቆማ ጮኸች።

«ኡኡኡ! የሰው ያለህ! ልጄ ስኳር አለባት! ልጄ ወደቀችብኝ!»

ለስንት ዘመን በጥቁር ፌስታል ስትጠቀልለው የኖረችውን፣ በአንድ ጩኸት ለሰፈሩ ሁሉ ነገረችው።

ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ። እትዬ ዘነበች በባዶ እግራቸው መንገዱን ተሻግረው ከእሷ ቀድመው ጓሮ ደረሱ። «በጎኗ እንዳለች ያዟት፤ ውኃ እንዳትሰጧት!» እያሉ ጭንቅላቷን ደግፈው ያዙ። ጋሽ ጀማል ሚኒባሱን ከነሳሙናው አስነሥተው ግቢ አስገቡና በሩን ከፈቱ። «አንሷት! አንሷት! ያ አላህ፣ አንተ ድረስላት!» ስማቸውን እንኳን የማታውቃቸው ሴቶች ከየግቢው ወጡ። አንዷ ነጠላዋን አንጥፋ፣ አንዷ የናርዶስን እግር ይዛ፣ ልጅቷን መኪና ውስጥ አስገቧት። መስኮቱ ላይ አረፋው ሳይደርቅ ሆስፒታል ገቡ።

ሐኪሙ በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጣት። ጎረቤቱ ሁሉ አልጋዋን ከብቦ ቆመ። እናት የልጇን ዓይን ብቻ ታያለች። እሱ ካልተከፈተ ለሷም የሚከፈት ነገር የለም።

ዓይኗ ተከፈተ። ዙሪያውን የቆመውን ሰው ሁሉ በመገረም አየችና «እማ፣ ልብሱ እኮ አልታጠበም» አለች።

እናት ያን ቀን ካለቀሰችው ሁሉ ያኔ ያለቀሰችው ይበልጣል።

ነገሩ ሲረጋጋ፣ ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የናርዶስ እናት የእትዬ ዘነበችን ጉልበት ያዘች። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ደበቅሁዎት።»

«ምኑን ነው የደበቅሽኝ?» አሉ እትዬ ዘነበች። «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚሁ በሽታ አይደል ያለፈው? ልጅቷን እንዲያ ሲያልባት ያየሁ ቀን ነው ያወቅሁት። ሻይዋን ማን ለይቶ ያፈላላት መሰለሽ?»

ሻዩን ይዛችሁልኛል አይደል? ስኳር የሰሰቱ የመሰሏት ሴት፣ ለካ ልጇን እየጠበቁላት ነበር! በዝክር ግርግር መሐል፣ ምስጢሯን ሳያወጡ፣ ማንም ሳያውቅባት። እሷ ቂም ስትይዝ፣ እሳቸው ማንቆርቆሪያ ለይተው ያፈሉ ነበር።

«ታዲያ ካወቁ ለምን ዝም አሉኝ?» አለቻቸው።

«መቼ ዝም አልኩሽ? በመጣሽ በሄድሽ ቁጥር 'ደህና ናችሁ?' እልሽ አልነበር? ዛሬስ ሁለቴ አልጠየቅሁሽም? አንቺ 'ደህና ነን' እያልሽኝ፣ በርሽን ገንጥዬ ልግባ?»

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ።

የመጀመሪያው አባታችን በበደለ ጊዜ፣ ቅጠል ሰፍቶ፣ ከዛፍ መሐል ተሸሽጎ ሳለ የመጣለት ጥያቄ ምን ነበር? «የት ነህ?» የሚል ነበር። ፈጣሪው ጠፍቶት ነው? የሠራውን ዛፍ፣ ያበጀውን ሰው፣ የት እንዳለ አያውቅም? ያውቃል! ያውቃል እንጂ። እንደ ጎረቤቲቱ እያወቀ ነው የጠየቀው። ጥያቄው የምሕረት በር ማንኳኳት ነው። ሰውዬው ራሱ «እዚህ ነኝ፤ ራቁቴን ነኝ» ብሎ እስኪከፍት ድረስ ይጠይቃል።

እኛስ? ስንቶቻችን ነን አሰላ ተቀምጠን ማልሞ ነን የምንለው?

ባልና ሚስት አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ቃል ከተለዋወጡ ሰንብተዋል። እሑድ አንድ ላይ ለብሰው ይመጣሉ። «እንዴት ናችሁ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ነው። አባት ልጁ በሱስ እያለቀ «ትምህርቱን እየተማረ ነው» ይላል። አንቺ ልጄ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጥሽው፣ ለመኖር ያለሽ ፍላጎት ተሟጦ ሳለ ጓደኞችሽን ስታሥቂ ትውያለሽ። ስቀሽ ከጨረስሽ በኋላ ቤትሽ ማን ይመጣል? ማንም። ምክንያቱም «ደህና ነኝ» ብለሻቸዋል። ደህና ወደሆነ ሰው ቤት ሮጦ የሚመጣ የለም።

ከዚያ እናማርራለን። «ጸለይኩ፤ አልተሰማልኝም! ተቸገርኩ፤ ሰው አጣሁ!» እስኪ ራሳችሁን ጠይቁ። እርዳታው አልመጣም ነው፣ ወይስ በሰጣችሁት አድራሻ ደርሶ ባዶ ቤት አግኝቶ ተመለሰ? በዚያች ቅዳሜ ረዳት አልጠፋም። ማልሞም ነበረ፤ ፊት ለፊትም ነበረ። የጠፋው እውነቱ ነው።

እግዚአብሔርን በቪፒኤን ማታለል አይቻልም ወገኖቼ። የት እንዳላችሁ ያውቃል። ሰውን ግን ታታልላላችሁ። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስላችሁ በሰው እጅ ነው፤ ምስር በሚለቅም እጅ፣ የመኪና ሳሙና ባልለቀቀው እጅ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት አባቶቻችን አልቀለዱም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትም አልቀለዱም።

ገመናችሁን ለአላፊ አግዳሚው ዝሩት አላልኩም። እኔም ሰፈሬን አውቀዋለሁ፤ ወሬኛም አለ። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ንስሐ አባት፣ አንዲት እትዬ ዘነበች በእውነተኛው አድራሻችሁ ታግኛችሁ። በሩን አንድ ቀን ሳትጮኹ ክፈቱት። ልጃችሁ እስክትወድቅ ለምን ትጠብቃላችሁ?

ናርዶስ ዛሬም መሣሪያዋ ክንዷ ላይ አለ፤ ጠዋት ጠዋትም ስዊድን ደርሳ ትመለሳለች። ስልኩ ሲጮህ ግን እትዬ ዘነበችም ይሰማሉ። በሩ ቀን ቀን አይቀረቀርማ።

አሁን ጸሎት አድርሰን ከመለያየታችን በፊት፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የለመደው ምላሳችሁ ሊቀድማችሁ ነው፤ ያዙት። ቸኩላችሁ አትመልሱልኝ።

ደህና ናችሁ?